«ከ70 በላይ መኖር አልፈልግም» ላልሽው እህቴ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«38 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ሲኤንኤ፣ ማለትም ረዳት ነርስ፣ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። በየቀኑ ሽማግሌና አሮጊት አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። የገዛ ልጃቸውን ስም የረሱ አሉ። ልጆቻቸው ለገና ብቻ ብቅ የሚሉላቸው አሉ። እኔ ከ70 በላይ መኖር አልፈልግም፣ ቆርጫለሁ። ይህን አዲስ አበባ ላለችው እናቴ በስልክ ብነግራት ተቆጥታ ዘጋችብኝ። እሷ 71 ዓመቷ ነው። እንዲህ ማሰብ በሽታ ነው እንዴ? ደግሞስ ሰው ስንት ዓመት ልኑር ብሎ ቢመኝ ነው ልክ የሚሆነው?»

እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና እናትሽ ጋ ስደርስ ሳቅኩ። ለ71 ዓመት እናቱ ደውሎ «70 ይበቃል» የሚል ሰው ስልክ ቢዘጋበት ምን ይገርማል? እሳቸው ስለ አንቺ እንደምታወሪ አልሰሙም። «ከአምና ጀምሮ ትርፍ ነሽ» ያልሻቸው ነው የመሰላቸው። እሱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

እኔ የአረጋውያን ሐኪም ነኝ። ሥራውን አዲስ አበባ ጀምሬ አሜሪካ ነው የቀጠልኩት። አሁን 57 ዓመቴ ነው፣ ስለዚህ ጉዳዩ ለእኔም የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አምና አዲስ አበባ ሄጄ ታክሲ ስሳፈር ረዳቱ «ፋዘር፣ ጠጋ በሉ እስቲ» አለ። ዞር ብዬ ፋዘሩን ፈለግኩት። ለካ እኔው ነኝ።

በሽታ ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ግን አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅሽ፣ ሐኪም ሳይጠይቅ አያልፈውም። የማትፈልጊው ከ70 በኋላ ያለውን ነው ወይስ የነገውንም? እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ጠዋት ጠዋት «ምነው ባልነቃሁ» እያልሽ የምትነሺ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያ ድብርት ነው፣ ይታከማል። በዚህ ሳምንት ሐኪምሽን አናግሪ። ከከበደሽ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ 988 ላይ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ይደወላል። እንደዚያ ካልሆነ እንቀጥል።

እንዲህ የምታስቢው ብቻሽን አይደለሽም። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 64 የሆነ ከ1,600 በላይ ሰዎች ስንት ዓመት መኖር እንደሚፈልጉ ተጠይቀው ነበር፤ ውጤቱ በ2016 ወጣ (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከስድስት ሰው አንዱ 80 ሳይሞላኝ ብሞት ይሻለኛል አለ። እኔን የሳበኝ ግን እሱ አይደለም። ዝቅ ያለ ቁጥር የሚጠሩት በአብዛኛው እርጅናዬ መጥፎ ይሆናል ብለው የሚጠብቁት ሆነው ተገኙ። ሰው ቁጥር ሲጠራ ዓመት እየቆጠረ አይደለም ማለት ነው። ዓይኑ ላይ የተሣለ አንድ ነገር አለ፣ እሱን ነው የሚሸሸው።

ያንቺ ከየት እንደመጣ የታወቀ ነው። ከሥራ ቦታሽ ነው።

እስቲ ይሄን አስቢው። አሜሪካ ውስጥ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ሰው ከ60 ሚሊዮን ያልፋል። ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሚኖረው 1.2 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ከመቶው ሦስት እንኳ አይሞላም። አንቺ 9 ዓመት ሙሉ እነዚያን ሁለት ሦስት ሰዎች ስታጥቢ የቀሩትን 97ቱን አላየሻቸውም። ማዋለጃ ክፍል ብቻ የሚሠራ ሰው አገሩ በሙሉ ያረገዘ ይመስለዋል። ቅዳሜ ጠዋት ከሐበሻ ሱቅ ጤፍ ተሸክማ ወጥታ፣ የመኪናውን የኋላ ክዳን በክርኗ ዘግታ፣ መኪናዋን ራሷ እየነዳች የምትሄደውን የ74 ዓመት ሴትዮ አንቺ አታጥቢያትም። ለክርስትና ለመቶ ሰው ወጥ እየሠሩ ወጣቶቹን «ሽንኩርቱን እንዲህ አይደለም» እያሉ የሚያራውጡት እማማዎችም ያንቺ ፎቅ ላይ አይደሉም። እርግጥ 85 እና 90 ላይ የነርሲንግ ሆሙ ቁጥር ከፍ ይላል፣ ለጥቂት ሳምንት ለማገገም ገብቶ የሚወጣውም ብዙ ነው። አልዋሽሽም። ግን ያኔም ቢሆን አብዛኛው ሰው ቤቱ ነው ያለው።

ከዚህ ላይ ዣን ካልማንን ሳላነሳ አላልፍም። ዕድሜያቸው በማስረጃ ከተረጋገጠ ሰዎች ሁሉ ረጅሙን የኖሩት እሳቸው ናቸው፤ 122 ዓመት። በ1875 አርል በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለዱ። 90 ዓመታቸው ላይ አንድ የ47 ዓመት የሕግ ሰው ቤታቸውን ለመውረስ ተዋዋላቸው። እስኪሞቱ በየወሩ 2,500 ፍራንክ ሊከፍል፣ ሲሞቱ ቤቱ የእሱ ሊሆን ነው። 90 ዓመት ከሆናት ሴት ጋር እንዲህ ያለ ውል ማን አይፈርምም! ሰውዬው 30 ዓመት ከፈለ። በ1995 በ77 ዓመቱ እሱ ሞተ። የከፈለው ገንዘብ ከቤቱ ዋጋ እጥፍ አልፎ ነበር። ክፍያውን ሚስቱ ቀጠለች። ሴትዮዋ ያረፉት በ1997 ነው። እና ታሪኩን ያመጣሁት ለሳቁ ብቻ አይደለም፤ እኚህ ሴት የአረጋውያን መኖሪያ የገቡት 110 ዓመት አካባቢ ሆኗቸው ነው።

ሌላም አለ። ቁጥሩ ይሸሻል። የ40 ዓመት ሰው «70 ይበቃኛል» ይላል። 65 ሲገባ «እንግዲህ እስከ 80» ይላል። 80 ላይ ቁጥር መጥራት ይተውና የልጅ ልጁን ምርቃት ይጠራል። በመራመጃ የሚሄዱ፣ ልባቸውም ኩላሊታቸውም የደከመ አንድ የ84 ዓመት ታካሚ አሉኝ። አንድ ቀን «አባባ፣ ስንት ዓመት መኖር ይፈልጋሉ?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ እስቲ መጀመሪያ ይሄን ክረምት እንውጣው» አሉኝ። ሲወጡ ደግሞ ለስድስት ወር ሳይሆን ለዓመት ቀጠሮ እንድሰጣቸው ጠየቁ።

አሮጊት ሽማግሌ ሁሉ ያዘነ የሚመስለንም ነገር አለ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ ሎራ ካርስተንሰንና ባልደረቦቿ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትለው ያዩት የተገላቢጦሹን ነው። ሰው እየገፋ ሲሄድ የዕለት ስሜቱ ይረጋጋል፣ ንዴቱና ጭንቀቱ ይቀንሳል። ሁሉም እንደዚያ ነው አልልም። ግን ጊዜው ማጠሩን ያወቀ ሰው በማይረባ ነገር አይቃጠልም፣ ይሄን በየቀኑ አያለሁ። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን አስቢያቸው። ፒያኗቸውን ሰፊው ዓለም ያወቀው በ2006 ሲሆን ያኔ 80ን አልፈው ነበር። በ2023 ኢየሩሳሌም ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነው። ባንቺ ሒሳብ ቢኬድ ይሄን ሁሉ አያዩትም።

ያገራችን ምርቃትም የፍርሃቱን ቦታ በደንብ ያውቀዋል። «ዕድሜና ጤና ይስጥልን» ይባላል እንጂ ዕድሜ ብቻውን አይመረቅም። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ልደት ሲደርስ «እስከ 120» ተብለው ይመረቃሉ፣ ያንን የሰማ ያገር ቤት ሽማግሌ ግን «ከጤናው ጋር ከሆነ» ማለቱ አይቀርም። እናቶቻችን ሲጸልዩ «ሳልቸገር ሳላስቸግር ውሰደኝ» ነው የሚሉት። «በ70 ውሰደኝ» የምትል አሮጊት ሰምተሽ ታውቂያለሽ? የሚፈሩት ሰው ላይ መውደቅን ነው። አንቺም እሱን ነው የፈራሽው። እና እዚህ ጋ ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ላውራ።

በሙያዬ ውስጥ እንደ «ዕድሜ ነው» የምጠላው ንግግር የለም። ስንቱን ሰው ቤት እንዳስቀረ! ኢትዮጵያ ውስጥ በ2005 እና በ2006 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት፣ ከታወሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። «ዕድሜ ነው» የተባሉት እናት ግን በር ላይ ቁጭ ብለው የሚመጣውን ሰው በድምፁ ይለያሉ። ጆሮም እንደዚሁ ነው። ጆሯቸው ሲደክም ሰው ያወራውን ሁሉ ማስደገም ያሳፍራቸዋል፣ ዝም ይላሉ፣ ዝም ሲሉ «ጃጅታለች» ይባላል። ሽንት አልቋጥር ብሏቸው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቆሙ፣ ለቅሶ መድረስ የተዉ፣ ምክንያቱን ግን ለልጅም የማይናገሩ ሴቶች ብዛታቸውን ብነግርሽ አታምኚም። ይሄም ይታከማል። ድብርቱም እንደዚያው፤ ሽማግሌ ሲደበር አያለቅስም፣ «ምግብ አልበላ አለኝ፣ ወገቤን» ነው የሚለው።

መድኃኒት ደግሞ አለ። አንዲት እናት ከአዲስ አበባ ልጃቸው ጋ መጥተው በሁለት ወር ውስጥ ቀንና ሌሊት ተደበላለቀባቸው። ልጅቱ እያለቀሰች አመጣቻቸው፣ «እናቴ ጃጀችብኝ» አለች። የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዛ እንድትመጣ ነገርኳት። ከፌስታሉ ውስጥ ማታ ማታ የሚሰጣቸው፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛ፣ እንቅልፍ ማምጫ የተቀላቀለበት የህመም ማስታገሻ ወጣ። ዳይፈንሃይድራሚን የሚባል ነገር አለበት። ለወጣት ያው እንቅልፍ ነው፣ ለሽማግሌ ግን ጭንቅላት ይበጠብጣል። አስቆምነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ እናትየው የልጃቸውን ቡና «ይሄ ምኑ ቡና ነው» ማለት ጀመሩ። ከሻንጣ ጋር ወደ አገር ቤት የምንልከው ኪኒን ውስጥ ይሄ ስንት እንዳለ እግዜር ይወቀው።

የመርሳት በሽታ ሁሉ ይከለከላል እያልኩሽ አይደለም። ግን በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን 14 ነገሮችን ቆጥሮ፣ እነሱ ሁሉ ቢስተካከሉ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ እስከ 45 ከመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ብሏል። የጆሮ መድከም፣ የዓይን መድከም፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ብቸኝነት ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ብዙዎቹ የሚጀምሩት 80 ዓመት ላይ አይደለም። ባንቺ ዕድሜና ትንሽ አለፍ ብሎ ነው።

ስለዚህ ልጠይቅሽ፤ የሰው ደም ግፊት በቀን ሠላሳ ጊዜ ትለኪያለሽ፣ የራስሽን መቼ ለካሽው? ሌሊት ሺፍት ወጥተሽ፣ ደብል መትተሽ፣ ከማሽን ቺፕስ በልተሽ፣ ወገብሽን በሰው ክብደት አስጎብጠሽ፣ 70 ላይ ምን ዓይነት ሰው እንደምትሆኚ እየወሰንሽ ያለሽው አሁን ነው። ጡንቻ ዋና ነገር ነው፣ ሰው ላይ የሚጥለውም የሚያነሳውም እሱ ነው። በ1990 ቦስተን ውስጥ ልክ አንቺ እንደምትሠሪበት ባለ ነርሲንግ ሆም የሚኖሩ 10 አረጋውያን፣ በአማካይ 90 ዓመታቸው፣ ለ8 ሳምንት እግራቸውን በክብደት አሠለጠኑ። የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ በ174 ከመቶ ጨመረ። አሥር ሰው ብቻ ነው፣ ትንሽ ጥናት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ግን በተደጋጋሚ ተሠርቶ ጥቅሙ ታይቷል። ጂም ግቢ አላልኩም፣ ደረጃ ውጪ፣ ከወንበር ያለ እጅ ተነሺ።

ስለ እርጅና ያለሽ ሐሳብ ራሱም ይቆጠራል። የየል ዩኒቨርሲቲዋ ቤካ ሌቪ ኦሃዮ ውስጥ 50 ዓመት ያለፋቸውን 660 ሰዎች መረጃ እስከ 23 ዓመት ድረስ ተከትላ፣ ስለ ገዛ እርጅናቸው በጎ ያሰቡት በአማካይ 7.5 ዓመት የበለጠ ኖረው አገኘች፤ በ2002 ነው የወጣው። በጎ ማሰቡ ብቻውን ነው ያኖራቸው ማለት አይቻልም፣ በጎ የሚያስብ ሰው መድኃኒቱንም በሰዓቱ ይወስድ ይሆናል። ያም ቢሆን «70 ይበቃኛል» የሚል ሰው ግፊቱን ለመለካት ለምን ይቸገራል? እኔ የምፈራልሽ ይሄንን ነው። 70 ላይ አትሞቺም። ያልታከመ ግፊት ይዘሽ 70 ላይ በስትሮክ ትወድቂና 85 ድረስ ትኖሪያለሽ።

የገንዘቡም ሒሳብ አይገጥምም። አንቺ የተወለድሽው ከ1960 በኋላ ስለሆነ ሙሉ ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) የምታገኚው 67 ላይ ነው። ዕድሜ ልክሽን ከፍለሽ ሦስት ዓመት ልትበይ? ባንቺ ዕድሜ ያለች ሴት እዚህ አገር በአማካይ 80ን ታልፋለች። ለ70 ያቀደ ሰው ለአሥር ዓመት ያለ ቀለብ ይቀራል።

«አልጋ ላይ ማሽን ተሰክቶብኝ አልቅር» ከሆነ ፍርሃትሽ፣ እሱ ዕድሜ መቁረጥ አያስፈልገውም። ወረቀት አለው። ሜሪላንድ ውስጥ አድቫንስ ዳይሬክቲቭ ሞልተሽ፣ ሁለት ምስክር አስፈርመሽ፣ መናገር ቢያቅትሽ ማን እንደሚወስንልሽ በስም ታስቀምጫለሽ። በየፋይሉ የምታይው ሞልስት የሚባለው ቅጽ ደግሞ የትኛው ሕክምና ይሰጥ፣ የትኛው ይቅር የሚል የሐኪም ትዕዛዝ ነው፣ ለታመመ ሰው ነው፣ ለ38 ዓመት ጤነኛ አይደለም። የሐበሻ ቤተሰብ ይሄን ማውራት ሟርት ይመስለዋል። ከዚያ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አራት ወንድምና እህት ይጣላሉ።

አሁን ወደ እናትሽ።

ኢትዮጵያ ውስጥ በ1990 አማካይ የዕድሜ ጣሪያ ከ50 በታች ነበር፣ ዛሬ ከ65 በላይ ነው። ይሄን ቁጥር ሰው ሁሉ በተሳሳተ መንገድ ነው የሚያነበው። የድሮው አማካይ ዝቅ ያለው ሁሉም በ47 ስለሚሞት አልነበረም፣ ሕፃናት ስለሚያልቁ ነው። በ2000 ከተወለዱ 1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፣ በ2016 ይሄ 67 ደረሰ። ያን ሁሉ አልፎ 60 የገባ ሰው አገር ቤትም ቢሆን በአማካይ ገና ከ15 ዓመት በላይ ይጠብቀዋል። እናትሽ ጨርሰው የቆሙ ሰው አይደሉም።

የተቸገርነው ሌላ ጋ ነው። «ጧሪ ቀባሪ አይንሳህ» ብለን የምንመራረቅ ሰዎች ነን። ቀባሪው አለ፣ እድር አለ፣ ድንኳኑም ወንበሩም ዝግጁ ነው። ጧሪው ግን ሳሳ። በ2016 አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው 1.8 ልጅ ነበር፣ ከነሱም አንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። የሰው እናት አጥበሽ፣ አልብሰሽ፣ ጸጉር አበጥረሽ ትወጪና የራስሽን እናት በቪዲዮ ታያለሽ። እኔ እንደምጠረጥረው 70 ያልሽው ከድካም ብቻ የመጣ አይደለም። በእያንዳንዷ አልጋ ላይ እሳቸውን እያየሽ ነው። ካልሆነ ይቅር በዪኝ፣ ሐኪም አንዳንዴ ያልተጠየቀውን ይመልሳል።

ስንት ዓመት ቢመኙ ነው ልክ ላልሽው ቁጥር የለኝም። እኔ ለራሴ የምመኘው 80 ዓመት ላይ ከሽንት ቤት ያለ ሰው እርዳታ መነሳትን ነው። ሳቂ፣ ግን ቤቱ የሚቀርና የማይቀር ሰው ብዙ ጊዜ የሚለየው እሷ ላይ ነው። መለኪያም አላት። ክንድ ደረት ላይ ተጣጥፎ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ ይቻላል? ከ70 እስከ 74 ዓመት ላለች ሴት ከ10 በታች ከሆነ የመውደቅ ስጋት አለ ይባላል።

እሑድ ለእናትሽ በቪዲዮ ደውዪ። ወንበሩ ግድግዳ ይደገፍ፣ አጠገባቸው ሰው ይቁም፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ይተዉት። አንቺ ስልክሽ ላይ ሰዓት ያዢ። ዓይናቸውን መቼ እንደታዩ፣ ግፊታቸው ስንት እንደሆነ በዚያው ጠይቂያቸው። ስለ 70ው ይቅርታ የምትጠይቂያቸው ግን ቆጥረሽ ከጨረስሽ በኋላ ሳይሆን ከመጀመርሽ በፊት ነው፣ አለበለዚያ ከወንበሩም አይነሱልሽም።